ቆሽት ከማረሩ በፊት

አማርኛ ለሆድ ዕቃ ሁሉ ሥራ ሰጥቷል። አንጀት ይራራል፣ ልብ ይሸፍታል፣ ሆድ ይብሳል። ለቆሽት የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ማረር። ሰው በንዴት ተቃጥሎ የሚለው ሲያጣ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ከዚያ ውጭ የቆሽት ስም የሚነሳበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ከብት ታርዶ ጨጓራው፣ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ በየስማቸው ሲጠሩ ቆሽትን የሚያስታውስ የለም። ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የበላነውን የሚያስፈጨው፣ በደማችን ያለውን ስኳር የሚቆጣጠረው ግን ይኸው አንድ ስንዝር የማይሞላ አካል ነው።

የሰንጋ ተራ ሰው ስለ ቆሽት ለማወቅ ከሌላው የአዲስ አበባ ነዋሪ የበለጠ ምክንያት አለው። ሰፈሩ ስሙን ከሰንጋ ቢያገኝም ዛሬ የሚታወቀው በፎቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ቆሟል፤ ሌሎች ባንኮችም በአካባቢው ፎቅ ሠርተዋል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ወደ ፎቆቹ በየጠዋቱ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ የስኳር ክሊኒክ የሚሄደውም እንዲሁ። አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም መንገድ ያውቀዋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከ15 ዓመት ገደማ በፊት ተመራማሪዎች የንግድ ባንክ ቋሚ ሠራተኞችንና በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራንን፣ በድምሩ 2,153 ሰዎችን መርምረው ነበር። ከነዚህ 6.5 በመቶ የሚሆኑት የስኳር ሕመም፣ 19.1 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የደም ግፊት ተገኘባቸው። ሁሉም ሥራ ላይ ያሉ፣ ደመወዝ የሚበሉ፣ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ሐኪም ቤት ተኝቶ የተገኘ በመካከላቸው አልነበረም።

በሽታው እንዴት እንደሚመጣ ሲነገር ሁለት ታሪክ ይሰማል። የመንደሩ ታሪክ «ስኳር ስለሚያበዛ ነው» ይላል። የክሊኒኩ ታሪክ ትንሽ ይራቀቅና «ኢንሱሊን አለ፣ ሰውነት ግን አይታዘዘውም» ይላል። ሁለተኛው እውነት አለው። ስብ በበዛበት ጉበትና እንቅስቃሴ ባጣ ጡንቻ ላይ ኢንሱሊን በር ቢያንኳኳም የሚከፍትለት ይዘገያል። ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ካበቃ ትልቁ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ጆሮ የነፈገ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡ እጅግ ብዙ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ስኳር ሳይዛቸው ይኖራሉ። እነሱን ያዳናቸው ቆሽታቸው ነው፤ አለመታዘዙን አይቶ ኢንሱሊኑን እጥፍ ድርብ እያደረገ አካክሷል። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም የሚጀምረው ይህ ማካካስ ሲያቅት ነው። ከበሽታው ጋር ተያይዘው የተገኙት የዘረ መል ልዩነቶችም በአብዛኛው የሚያመለክቱት ወደ ኢንሱሊን አምራቹ ሕዋስ ነው።

ያ ሕዋስ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1869 በርሊን ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጅ የነበረ ፖል ላንገርሃንስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ፣ በቆሽት ሥጋ መካከል ከአካባቢያቸው የተለዩ ትንንሽ የሕዋስ ክምችቶችን በማይክሮስኮፕ አየ። ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥተው ውሻው በስኳር ሲታመም አዩ። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ተገኘ። ክምችቶቹ ዛሬ የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ደሴቶች ቢኖሩም ሁሉም ተደምረው ከቆሽቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። የጤፍ ፍሬ ራሷ ከአንዱ ደሴት ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ከደሴቲቱ ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሕዋሳት ናቸው።

አንዱን ቤታ ሕዋስ ከቅርብ እንየው። ምሳ ተበልቷል፤ እንጀራው ተፈጭቶ ግሉኮስ ሆኖ ደም ውስጥ ገብቷል። ግሉኮሱ ወደ ሕዋሱ ዘልቆ ይነድና ጉልበት ይሆናል። የጉልበቱ መጠን ከፍ ሲል በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለው የፖታሲየም በር ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ የግድግዳው የኤሌክትሪክ ሚዛን ይለወጣል፣ በዚህ ጊዜ የካልሲየም በር ይከፈትና ካልሲየም ይጎርፋል። ኢንሱሊን ሞልተው ግድግዳው ሥር የሚጠብቁ ጥቃቅን ከረጢቶች በዚህ ምልክት ይፈነዱና የያዙትን ወደ ደም ያፈሳሉ። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሕዋሱ ማፍሰሱን ሳያቆም አዲስ ኢንሱሊን መሥራት ይቀጥላል፤ ሥራ በበዛበት ሰዓት በደቂቃ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ቅንጣት ያመርታል። በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ የሚደክም ሕዋስ ጥቂት ነው።

አፈሳሰሱ ሁለት ምዕራፍ አለው፣ ይህን ደግሞ የባንክ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ገንዘብ ከፋይ ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ከመሳቢያው አውጥቶ ወዲያው ይከፍላል፤ መሳቢያው ሲሳሳ ከካዝና እስኪመጣለት ቀስ እያለ ያስተናግዳል። ቤታ ሕዋስም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ገደማ ተዘጋጅተው የቆዩትን ከረጢቶች በአንድ ጊዜ ይለቅቃል፣ ከዚያ በኋላ በዝግታ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሞገድ ለጉበት «ምግብ መጥቷል፣ ስኳር መልቀቅህን አቁም» የሚል መልእክት ነው። በዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ቀድሞ የሚጠፋው ይህ ሞገድ ነው፤ የሚጠፋውም በሽታው በምርመራ ከመታወቁ በፊት ነው።

በዚህ ወቅት የሚያም ነገር የለም። አንድ የ44 ዓመት ገንዘብ ከፋይ በሐሳባችን እንሳል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ጀርባ ተቀምጧል። ምሳውን ፈጠን አድርጎ ይበላል፣ ማኪያቶውን በሁለት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ከምግብ በኋላ ስኳሩ ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ጠዋት በባዶ ሆድ ቢለካ ልኩ ደህና ይመስላል። ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው የምሳው ክብደት ነው ብሎ ያልፈዋል። የቆሽቱ መሳቢያ ግን ባዶ ሆኗል።

ይህ ስውር ዘመን ምን ያህል እንደሚረዝም ፍንጭ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረው የብሪታንያ ታላቅ ጥናት ነው። 5,102 አዲስ ሕሙማን ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በምርመራ በታወቁበት ቀን የቤታ ሕዋሳቸው አቅም በስሌት ሲገመት ከጤነኛው ግማሽ ገደማ ነበር። ከዚያም በየዓመቱ ቀነሰ፤ በአመጋገብ ብቻ የተያዙትም፣ ክኒን የወሰዱትም ቁልቁለቱን አላመለጡም። ተመራማሪዎቹ የቁልቁለቱን መስመር ወደ ኋላ ሲስቡት አጀማመሩ ከምርመራው ቀን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ቀድሞ የሚያርፍ ሆኖ ታያቸው። ሰው «ትናንት ስኳር ያዘኝ» ሲል ቆሽቱ የሚናገረው የአሥር ዓመት ታሪክ ነው።

ቤታ ሕዋሱ ጠፋ ስንል ግን ምን ማለታችን ነው? ሞተ ነው፣ ደከመ ነው፣ ወይስ ሌላ ነገር ሆነ? ሊቃውንቱን የሚያከራክረው ይህ ነው፤ የሕክምናው ተስፋም በመልሱ ላይ ይንጠለጠላል።

የሞት ወገን ጠንካራ ማስረጃ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ፒተር በትለርና ባልደረቦቹ ከሞቱ ሰዎች አስከሬን የተወሰደ የ124 ሰዎችን ቆሽት መረመሩ። ወፍራም ሆነው ስኳር ከነበረባቸው መካከል የቤታ ሕዋሱ ይዞታ ስኳር ከሌለባቸው ወፍራሞች በ63 በመቶ አንሶ ተገኘ። ቀጫጭኖቹ ሕሙማን ዘንድ ጉድለቱ 41 በመቶ ነበር። ስኳራቸው ከፍ ማለት ጀምሮ ገና «በሽታ» የሚባለው ደረጃ ላይ ባልደረሱትም ዘንድ 40 በመቶው ጠፍቷል። ሕዋሳቱ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያጠፉበት ሂደት ከመደበኛው በዝቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤልጅየም ተመራማሪዎች የቤታ ሕዋሱን ክብደት ለክተው የጉድለቱን አማካይ 35 በመቶ አድርሰውታል፤ በሽታው ከታወቀ አምስት ዓመት ባልሞላቸው 24 በመቶ፣ ከ15 ዓመት በላይ በቆዩት ደግሞ 54 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ከጊዜ ጋር እየከፋ ይሄዳል።

የሂሳቡ ክፍተት እዚህ ላይ ይታያል። በሽታው በታወቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጠፋው ሕዋስ ሩብ ገደማ ከሆነ፣ የኢንሱሊኑ አቅም ለምን በግማሽ ወረደ? ከቆሽቱ አብዛኛውን በቀዶ ሕክምና ያጣ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ ስኳር አይዘውም። ስለዚህ በሕይወት እያሉ ሥራ ያቆሙ ሕዋሳት መኖር አለባቸው።

እነዚህን ፍለጋ የወጣው የዶሜኒኮ አቺሊ የኒው ዮርክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ያልተጠበቀ ነገር ይዞ ተመለሰ። ለረጅም ጊዜ በተጨናነቁ አይጦች ቆሽት ውስጥ ቤታ ሕዋሳቱ ማንነታቸውን አጥተው ነበር። ኢንሱሊን የማይሠሩ፣ ገና ሥራ ያልተመደበላቸው የጽንስ ሕዋሳትን የሚመስሉ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው ቆሽት ሲታይ፣ በስኳር ሕሙማኑ ዘንድ ማንነታቸውን ያጡት ወደ 32 በመቶ፣ ጤነኞቹ ዘንድ 9 በመቶ ገደማ ሆነው ተቆጠሩ። ኢንሱሊን ያላየውን ሕዋስ ሁሉ «ሞቷል» ብሎ ሲያልፍ የነበረው ቆጠራ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ሁሉም በዚህ አልተስማማም፤ በሰው ዘንድ እንዲህ ያሉት ሕዋሳት ብዛታቸው ትንሽ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለቱ ወገኖች የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ የቆሙ ይመስለዋል። ሕዋሱ መጀመሪያ ይደክማል፣ ሲብስበት ሥራውን ይረሳል፣ መጨረሻ ላይ ይሞታል። ከሞት በስተቀር ሁለቱ መመለሻ ያላቸው ይመስላሉ።

ያደከመውስ ምንድን ነው? አንዱ ሥራው ራሱ ነው። ኢንሱሊን ከመለቀቁ በፊት ሕዋሱ ውስጥ በትክክል ታጥፎ ቅርጽ መያዝ አለበት፤ ትእዛዙ ሲበዛ ማጠፊያው ክፍል ይጨናነቃል፣ የተበላሸው ምርት ይከማቻል፣ ሕዋሱም አደጋ ላይ መሆኑን ያውጃል። ሁለተኛው ስኳሩ ነው። ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያለ ስኳር ሕዋሱን ለሥራ ያነሳሳዋል፤ ለወራት ከፍ ብሎ ሲቆይ ይመርዘዋል። ሕዋሱ ስኳሩን ማውረድ ስላቃተው ስኳሩ ይወጣል፣ ስኳሩ ስለወጣ ደግሞ ሕዋሱ ይበልጥ ያቅተዋል። በደም ውስጥ የበዛ ስብ ጫናውን ያከብደዋል። ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የሚለቀቅ አንድ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አለ፤ ተጋግሮ በደሴቶቹ መካከል እንደ ዝቃጭ ይቀመጣል። አሜሪካዊው ዩጂን ኦፒ ዝቃጩን እ.ኤ.አ. በ1901 አይቶት ነበር። ከምን እንደተሠራ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ዝቃጩ ገዳይ ይሁን የሞቱ ምልክት ብቻ እስካሁን ያነጋግራል።

የደከመ ሕዋስ እንደሚመለስ ከሚያሳዩት ጥናቶች ሁለቱን ማንሳት ይበቃል። ቻይና ውስጥ በሽታው አዲስ በታወቀባቸው 382 ሰዎች ላይ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ኢንሱሊንን ገና ከመጀመሪያው ለአጭር ጊዜ ሰጠ። ስኳራቸው ተስተካክሎ ሁለት ሳምንት ሲቆይ መድኃኒቱ ተቋረጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ በፓምፕ ኢንሱሊን ከወሰዱት 51 በመቶ፣ በመርፌ ከወሰዱት 45 በመቶ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ልክ እንደሆነ ቆዩ፤ ክኒን ከወሰዱት 27 በመቶ ብቻ። ሕዋሳቱ ዕረፍት ሲያገኙ የጠፋው የመጀመሪያ ሞገድ ተመለሰላቸው። በብሪታንያ ደግሞ ማይክ ሊንና ሮይ ቴይለር የመሩት፣ 306 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ክብደትን አጥብቆ በሚቀንስ አመጋገብ ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም አመጋገቡን ከተከተሉት 46 በመቶው በዓመቱ መጨረሻ ያለ መድኃኒት ከስኳር ነፃ ሆነው ተገኙ። ሁለተኛው ዓመት ላይ 36 በመቶ ቀሩ። በሽታው ከያዛቸው ብዙ ያልቆዩት የመመለስ ዕድላቸው ይሰፋል። ዓመታት ያለፉበት ቆሽት ሲጠሩት አይሰማም።

እስከዚህ ስለ ቤታ ሕዋስ የተጠቀሰው ቁጥር ሁሉ የመጣው ከውጭ አገር ነው፣ ያውም በብዛት ወፍራም ከሆነ ሕዝብ። ኢትዮጵያ ስትመጣ ታሪኩ ይጣመማል። እዚህ ያለው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው።

ሐኪም ፍራንሲስ ሌስተር እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1990 በኢትዮጵያ የተከታተሏቸውን የስኳር ሕሙማን በዓይነት አንድና በዓይነት ሁለት ለይተው ጽፈው አሳትመዋል፤ ስለ አገራችን ሕሙማን ከተጻፉት ቀደምት ሰፋፊ ሥራዎች አንዱ ነው። ጥያቄውን ወደ ጥልቁ የወሰደው ግን ጎንደር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ከገጠር የሚመጡላቸውን ሕሙማን ገለጹ። ድሆች ናቸው፣ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ዕድሜያቸው ገና ጎልማሳ፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ ያለ ኢንሱሊን የማይሆንላቸው። ጽሑፉ በርዕሱ ላይ ሳይቀር አንድ የተዘጋ ፋይል ይከፈት እንደሆነ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጦት የሚመጣ የስኳር ሕመምን ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሰርዞት ነበር። ከጎንደር የተነሳው ጥያቄ ከተሰረዘው መዝገብ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአማራ ሕሙማን ላይ የተሠራ የዘረ መልና የመከላከያ ኃይል ጥናት ደግሞ ከፊሎቹ ዘንድ ሰውነት የራሱን ቤታ ሕዋስ እንደሚያጠቃ ምልክት አገኘ። ስለዚህ ጎንደር ያሉት የከሱ ሕሙማን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ፋይሉ ግን ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሜሬዲት ሃውኪንስና ኒሃል ቶማስ ደቡብ ሕንድ ቬሎር ውስጥ ከስተው በስኳር የታመሙ ወንዶችን በጥንቃቄ ለክተው፣ ችግራቸው የኢንሱሊን አለመታዘዝ ሳይሆን ቆሽታቸው በቂ ኢንሱሊን አለማመንጨቱ መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ በተደረገው ጉባኤ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀበለ። ጎንደር ላይ ሲጠየቅ ለቆየው ጥያቄ ስም ተገኘለት ማለት ነው።

ለምን ይሆናል? ቤታ ሕዋስ በብዛት የሚራባው በማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት ነው። ጎልማሳ ሰው የያዘውን ይዞ ነው የሚኖረው። እናት ከተራበች ሕፃኑ ያነሰ መነሻ ይዞ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1944ና 1945 ኔዘርላንድስን የመታው ረሃብ ማኅፀን ውስጥ ያገኛቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ሲለኩ ኢንሱሊን ማመንጨታቸው ደክሞ ተገኝቷል። ለእኛ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጽንስ ሆነው ያገኛቸው ሰዎች ዛሬ ዐርባን ተሻግረዋል። በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ረሃቡ በለጋነታቸው ያገኛቸውን እየፈለጉ አሻራውን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። በረሃብ የጀመረ ቆሽት በኋላ ከተማ ገብቶ ወንበር፣ ለስላሳና ነጭ ዳቦ ሲገጥመው ማካካሻው ያጥረዋል። እንዲህ ላለው ሰው «ወፍራም አይደለህም» ማለት ማጽናኛ አይሆንም።

የዚህ ዓይነቱ ግጥሚያ በጣም ግልጽ ሆኖ የታየው በቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ያጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን አብዛኞቹን ከጎንደር ገጠር አንስቶ በአንድ ጊዜ ወደ እስራኤል፣ ወደ ሌላ ኑሮ አስገባቸው። እ.ኤ.አ. በ1988፣ የመጀመሪያዎቹ ከሄዱ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ፣ በወጣቶቻቸው መካከል ከፍተኛ የስኳር ሕመም ስርጭት መኖሩ ታተመ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ክብደታቸው «ልክ» በሚባለው ክልል እያለ ከሌላው እስራኤላዊ የበለጠ እንደሚያዙ አመልክተዋል። ከውጭ የተቀዳው የክብደት መስፈሪያ ለኢትዮጵያዊ ሰውነት ይሰፋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ሕክምናው ሲመጣ ተግባራዊ ነገር ይናገራል። በአገራችን ፋርማሲዎች ለረጅም ዓመታት ከሚታወቁት ክኒኖች አንዱ ግሊቤንክላማይድ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይሠራል። የሚሠራው ቀደም ብለን ያየነውን የፖታሲየም በር በመዝጋት ነው፤ ግሉኮስ ኖረም አልኖረም ሕዋሱ ኢንሱሊን እንዲለቅቅ ያስገድደዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ 4,360 ሕሙማንን የያዘ ጥናት ሦስት ክኒኖችን አወዳድሮ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ክኒኑ ብቻውን አልበቃ ያላቸው ሰዎች በግሊቤንክላማይድ 34 በመቶ፣ በሜትፎርሚን 21 በመቶ፣ በሮዚግሊታዞን 15 በመቶ ሆኑ። የመጨረሻው በልብ ላይ ባስነሳው ስጋት ምክንያት በብዙ አገር ተገድቧል። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ስኳር ያወረደው ግሊቤንክላማይድ ቶሎ ደከመ። ይህ ማለት ክኒኑን የያዘ ሰው ይጣለው ማለት አይደለም፤ በቁጥጥር ላይ ያልዋለ ስኳር ከማንኛውም ክኒን የበለጠ ቆሽትን ይጎዳል። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ «የቱ ይሻለኛል?» ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ከክኒኑ የከበደው የመርፌው ነገር ነው። «መርፌ ከጀመርኩ አለቀልኝ» የሚለው አነጋገር በስኳር ክሊኒክ መተላለፊያ የሚሰማ ነው። ኢንሱሊን የጀመረ ዘመድ ዓይኑ ጠፋ፣ እግሩ ተቆረጠ፣ ስለዚህ መርፌው ነው ያጠፋው ይባላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መርፌው የመጣው ሕዋሱ ካለቀ በኋላ፣ ዓመታት ዘግይቶ ነው፤ ዓይንና እግሩን የጎዳው በነዚያ ዓመታት ከፍ ብሎ የቆየው ስኳር ነው። የቻይናው ጥናት እንዳሳየው በጊዜ የመጣ ኢንሱሊን ለደከመ ሕዋስ ዕረፍት ነው። ፍሪጅ በሌለበት ገጠር ይህን መድኃኒት ማቆየት ራሱ ብልሃት ይጠይቃል። ብልቃጡ እንዳይረጥብ በላስቲክ ይጠቀለልና ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማሰሮው ጥላ ሥር፣ በውሃ የራሰ አሸዋ መካከል ይቀበራል። ውሃው ሲተን ሸክላው ይቀዘቅዛል፣ ኢንሱሊኑም ሙቀት ሳያበላሸው ይሰነብታል። እርጥቡን አሸዋ በየቀኑ የምታጠጣ እናት የልጇን ቆሽት ሥራ በእጇ ይዛለች።

ከዚያ የራቀ ተስፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሻንጋይ ውስጥ ለ25 ዓመታት ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ለነበረበት አንድ ሰው ከራሱ ሕዋስ በቤተ ሙከራ የተሠሩ ደሴቶች ተተክለውለት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መርፌ አቁሟል። አንድ ሰው ነው፤ መንገዱ ገና ረጅም ነው።

ለጊዜው በእጅ ያለው መሣሪያ ቀላሉ ነው። የጣት ደም፣ የጠዋት ልኬት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳር። ቆሽቱ ራሱ ምን ያህል ኢንሱሊን እያመነጨ እንደሆነ የሚናገረው ሲ-ፔፕታይድ የተባለው ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ በሕይወት ያለ ሰው ቆሽት ውስጥ ያሉትን ቤታ ሕዋሳት ቆጥሮ የሚያሳይ መሣሪያ ደግሞ በየትኛውም አገር ሐኪም እጅ ገና አልገባም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንዲት ቁጥር ይመዘናል። ያ የ44 ዓመት ገንዘብ ከፋይ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ባዘጋጀው የጤና ምርመራ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ጣቱን ተወጋ እንበል። ወረቀቱ ላይ 118 ተጻፈለት። በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከአስከሬን በተወሰደው ቆሽት ላይ 40 በመቶው ቤታ ሕዋስ የጎደለባቸው እንደሱ ያለ ቁጥር የነበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ የቀረው 60 በመቶ አሁንም በሆዱ ውስጥ ለምሳው ኢንሱሊን እየሠራ ነው።